ምዕራፍ ሰባት፦ እጅ ሲሞቅ ሕመም ይበርዳል?

ጀሶው ከተፈታ ሁለት ወር አልፎታል። የእጅ አንጓዋ አጥንት ገጥሟል፤ ራጁን ያዩት ሐኪም «አጥንቱስ ድኗል» ብለው አሰናብተዋታል። እጇ ግን የእሷ አልመስል ብሏታል። እንደ ሳማ ይለበልባታል። የሹራቧ እጅጌ ሲነካት ትዘላለች፤ ነጠላዋን የምታጣፋው በግራ እጇ ብቻ ነው፤ ሊጥ ካቦካች አራት ወር ሊሞላ ነው። አንዳንድ ቀን እጇ አብጦ ይግላል፤ ሌላ ቀን ደግሞ ጠቋቁሮ፣ በላብ ርሶ፣ ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል።

ይህችን ሴት አንባቢ በስም አይፈልጋት። ከብዙ ሕመምተኞች ታሪክ የገመድኋት ናት፤ ምዕራፉ እስኪያልቅ አብራን ትቆያለች። የያዛትን ሕመም ሐኪሞች ዛሬ በእንግሊዝኛው አሕጽሮት «ሲአርፒኤስ» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «አንድ እጅን ወይም አንድ እግርን የሚይዝ ውስብስብ ሕመም» ብንለው ያስኬዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከስብራት፣ ከወለምታ ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነው። ከጉዳቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ቁስሉ ይሽራል፣ ሕመሙ ይብሳል።

በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ በየራሳቸው ምክንያት ሰጥተውታል። ጎረቤቷ «ብርድ መትቶሽ ነው፤ በቅቤ አሽተሽ ሸፍኚው» ትላታለች። ታላቅ እኅቷ «ደምሽ አልዘዋወር ብሎ ነው እንጂ» ትላለች። ባሏ ራጁ ደህና ነው ከተባለ ወዲህ ዝም ብሏል፤ ዝምታው ከእጇ ያላነሰ ያማታል። የጎረቤቷንና የእኅቷን አስተያየት ግን በችኮላ አንጣለው። ሁለቱም እውነተኛ ነገር አይተዋል፦ በሚያመው እጅና በሚዘዋወርበት ደም መካከል የተዛባ ነገር አለ። ሕመም አይታይም፤ የእጅ ሙቀት ግን ይለካል። የሚለካው ነገር ስለማይታየው ምን ያህል ይመሰክራል? ይህ ምዕራፍ የሚዞረው በዚህች አንዲት ጥያቄ ዙሪያ ነው።

የጥንቸሏ ጆሮ

በምዕራፍ 2 ነርቭን ከስልክ ሽቦ ጋር አመሳስለነው ነበር፤ ወሬ ከጣት ወደ አንጎል፣ ትእዛዝ ከአንጎል ወደ ጡንቻ። ያ ምሳሌ እስካሁን በደንብ አገልግሎናል፤ በምዕራፍ 5 የስኳር ሕመምተኛ እግር እየደነዘዘ ለምን እንደሚያቃጥልም ያስረዳን እሱ ነው። እዚህ ላይ ግን ያንሰናል። የስልክ ሽቦ ቤት አያሞቅም። ነርቭ ግን እጅን ያሞቃል፤ ያቀዘቅዛልም።

ይህን በግልጽ ካሳዩት አንዱ ፈረንሳዊው ክሎድ በርናርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በጥንቸል አንገት በአንድ ወገን የሚያልፈውን፣ ሲምፓቴቲክ የሚባለውን ነርቭ ቆረጠ። ነርቩ ሲቆረጥ አካሉ ይቀዘቅዛል ብሎ ነበር የጠበቀው። የሆነው ተቃራኒው ነው። በተቆረጠው ወገን ያለው ጆሮ ደም ሞላው፤ ጋለ፤ ልዩነቱ በእጅ ዳሰሳ እንኳ ይታወቅ ነበር። በዓመቱ ብራውን-ሴካር የተባለ ሌላ ተመራማሪ የተቆረጠውን የነርቭ ጫፍ በኤሌክትሪክ ነካካው፤ የጋለው ጆሮ ተመልሶ ቀዘቀዘ።

እንግዲህ ይህ ነርቭ ሥራው ወሬ ማድረስ አይደለም። ሌት ተቀን የደም ሥሮችን «ጥበቡ፣ ጥበቡ» እያለ ያዛል። ትእዛዙ ሲቋረጥ የደም ሥሩ ይላላል፣ ደም ይጎርፋል፣ ቆዳው ይሞቃል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዋናው መስመር ውሃ እያለው የእኛ ቧንቧ የሚደርቀው፣ የሆነ ቦታ አንድ ሠራተኛ ማዞሪያውን ስለዘጋው ነው። ሰውነታችንም እንደዚያው በፈረቃ የሚኖር ከተማ ነው፤ ያለን ደም ሁሉንም የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ አይሞላም። ስለዚህ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ማዞሪያ በእጁ ይዞ ሲከፍትና ሲዘጋ ይውላል። ብርድ ሲሆን የእጅና የእግርን መስመር ያጠብና ሙቀቱን ለሆድ ዕቃና ለአንጎል ይቆጥባል። ስንደነግጥም እንዲሁ ያደርጋል። የፈተና ወረቀት ሲታደል የተማሪ እጅ የሚቀዘቅዘው፣ መዳፉም የሚያልበው ለዚህ ነው፤ የላብ ዕጢዎችን የሚያዘውም ይኸው ነርቭ ነው።

ከመላው አካል ደግሞ መዳፍ፣ የጣት ጫፎችና ውስጥ እግር በዚህ ረገድ ይለያሉ። በእነሱ ቆዳ ውስጥ ደም ከጠባቦቹ ሥሮች ሳይገባ በቀጥታ የሚያልፍባቸው አቋራጮች አሉ፤ ተግባራቸው ቆዳውን መመገብ ሳይሆን ሙቀትን ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። አቋራጮቹ ሲዘጉ የጣት ጫፍ ከ25 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ ሲከፈቱ 35 ዲግሪ ሊጠጋ ይችላል። የደረት ቆዳ እንዲህ አይዋዥቅም። ሐኪም ነርቩ ምን እያደረገ እንደሆነ ማወቅ ሲፈልግ ሙቀት የሚለካው በጣት ጫፍ ላይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

በርበሬ የቀነጠሰች እጅ

ማዞሪያውን የያዘው አንድ ሠራተኛ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ሌላም አለ፤ እሱን ደግሞ ከማንም በላይ የሚያውቁት ዛላ በርበሬ ሲቀነጥሱ የዋሉ ሴቶች ናቸው።

ማታ ላይ እጃቸው ይነድዳል። በውሃ ቢታጠቡት አይበርድም። ቆዳው ይሞቃል፣ ይቀላል። እሳት ግን አልነካቸውም፤ አንድም ቦታ አልተቃጠሉም። የሆነው ይህ ነው፦ በርበሬው ውስጥ ያለው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር የሙቀትን አደጋ ለማወቅ የተሠሩትን የሕመም ነርቮች ጫፍ ይቀሰቅሳል። ነርቮቹም እሳት እንደነካቸው ቆጥረው ወደ አንጎል ይጮኻሉ። በዚያው ቅጽበት ግን ከዚያው ከጫፋቸው፣ ቆዳው ውስጥ፣ የደም ሥሮችን የሚያሰፋ ኬሚካል ይረጫሉ። የሕመም ነርቭ ወሬ ነጋሪ ብቻ ነው ያልነውን እዚህ ላይ ማረም አለብን። እየጮኸ ቧንቧም ይከፍታል።

የእኛን ሴት እጅ በዚህ ዓይን እንየው። አጥንቷ ሲሰበር የተቀሰቀሱት የሕመም ነርቮች አጥንቱ ከገጠመ በኋላም አልተኙም። የደም ሥሮቿን ያሰፋሉ፤ ከሰፉት ሥሮች ፈሳሽ ወደ ሥጋው ይሰርጋል፤ እጇ ያብጣል፣ ይሞቃል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ብዙ ጊዜ የሚታየው ይህ ነው። እየቆየ ደግሞ የደም ሥሮቹ ለሲምፓቴቲክ ነርቭ ትእዛዝ ከልክ በላይ ስሱ ይሆናሉ፤ በትንሽ «ጥበቡ» ድርቅ ብለው ይዘጋሉ፤ እጁ ይቀዘቅዛል። ይህ ቅደም ተከተል ግን ሕግ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጃቸው የቀዘቀዘ ሕመምተኞች አሉ። በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም የሚያዩ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሕክምና መጻሕፍት ይህን እጅ «ቀይ» ወይም «ሰማያዊ» ይሉታል። የተጻፉት ነጭ ቆዳ ታይቶ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ እንደ መጥቆር፣ ሰማያዊው እንደ አመድማነት ሊታይ ይችላል፤ ጨርሶ ላይታይም ይችላል። ስለዚህ የመዳፉን ገጽና የጥፍሮቹን ሥር ከሌላው እጅ ጋር አጠጋግቶ ማየት፣ ቆዳው ከወትሮው በላይ አብረቅርቆ እንደሆነ በብርሃን መመልከት ያስፈልጋል። ከሁሉም ይልቅ መዳሰስ ይጠቅማል። ቀለም አይቶ «ምንም የለሽም» የሚል ሰው በመዳሰስ የሚገኘውን ማስረጃ ሳይሰማ ፈርዷል።

ከጦር ሜዳ የመጣ ዕውቀት

ሕመሙን በዝርዝር የመዘገቡት የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሐኪሞች ናቸው። ሳይላስ ዊር ሚቸል ፊላደልፊያ ውስጥ ነርቫቸው የተጎዳ ወታደሮች በሚታከሙበት ሆስፒታል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥይት እጃቸውን ወይም እግራቸውን መትቶ ቁስላቸው ከዳነ በኋላ በሚያቃጥል ሕመም የሚሠቃዩ ወጣቶችን ገለጸ። ቆዳቸው ያብረቀርቃል፤ ደረቅ ነገር ሲነካቸው አይችሉም፤ እጃቸውን ቀን ሙሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ይዞራሉ፤ ጫማቸው ውስጥ ውሃ የሚጨምሩም ነበሩ። የወረቀት መንኮሻኮሽ፣ የሰው ኮቴ ሕመማቸውን ያባብሰው ነበር። ሚቸል በኋላ «ኮዛልጂያ» አለው፤ ከግሪክ ሙቀትና ሕመም ከሚሉ ቃላት የተሠራ ስም ነው። እነዚህን ሰዎች አመነ። ቁስሉ ድኖ የሚጮኽን ወታደር አስመሳይ ማለት ቀላል በነበረበት ዘመን ማመኑ ብቻውን ትልቅ ሥራ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ረኔ ለሪሽ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። እጁ ይቀዘቅዛል፣ ይግላል፣ ያልበዋል፤ እነዚህን የሚያዘው ሲምፓቴቲክ ነርቭ ከሆነ ሕመሙስ ከእሱ ቢሆን? በ1916 በክንድ ዋና ደም ቅዳ ዙሪያ የተጠመጠሙትን እነዚህን ነርቮች ገፍፎ ማንሣት የሚቃጠል ሕመምን እንደሚያበርድ ጽፎ አሳወቀ። የበርናርድ ጥንቸል ጆሮ በሰው ክንድ ላይ ተደገመ፤ እጅ ሞቀ፣ ሕመም በረደ።

ይህ ግኝት ሐኪሞችን ለብዙ አሠርት ዓመታት መራቸው፤ በከፊልም አሳታቸው። ሕመሙ በ1940ዎቹ የሲምፓቴቲክ ነርቭን ስም ተሸክሞ ተጠራ። ስሙ ራሱ ፍርድ ነበር፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር። ነርቩ ተዘግቶላቸውም ሕመማቸው ያልበረደ ሰዎች እየበዙ ሲመጡ በ1994 ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር ማንንም የማይከስሰውን የዛሬውን ስም አወጣለት። እኔ በዚህ ስም ለውጥ ውስጥ ትልቅ ታማኝነት አያለሁ። «ውስብስብ» ማለት እዚህ ላይ «ምክንያቱን ገና ሙሉ በሙሉ አልያዝነውም» ማለት ነው።

መርፌው የት ደረሰ?

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። የሕመም ሐኪም ዘንድ ቀርባለች፤ ሐኪሙም ለጊዜው ነርቩን በማደንዘዣ የሚዘጋ መርፌ ሊሞክር አስቧል።

«እናቴ፣ መርፌው የሚገባው አንገትዎ ላይ ነው» ይላታል።

«ልጄ፣ እኔን የሚያመኝኮ እጄን ነው!»

«አውቃለሁ። የእጅዎ ማዞሪያ ግን እዚህ ነው ያለው።»

ወደ እጅ የሚሄዱት ሲምፓቴቲክ ነርቮች የሚገናኙት በአንገት ግርጌ፣ ከአከርካሪው ጎን፣ የመጀመሪያው የጎድን አጥንት አጠገብ ባለ ቋጠሮ ነው። ቅርጹ ኮከብ ስለሚመስል በላቲን ኮከባዊ ብለውታል። የእግር ሲሆን ቋጠሮው ወገብ ላይ፣ ከአከርካሪው ፊት ለፊት ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ ወይም በራጅ እየተመራ መርፌውን ያደርስና ትንሽ ማደንዘዣ ይለቃል። አካባቢው ትልልቅ የደም ሥሮች የሚያልፉበት ስለሆነ ይህ ሕክምና የሚሰጠው የማነቃቂያ መሣሪያ በተዘጋጀበት ክፍል፣ በሠለጠነ እጅ ብቻ ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት።

ማደንዘዣው ከታሰበው ቦታ መድረሱን እንዴት እናውቃለን? ሐኪሙ ከመርፌው በፊት በሁለቱም እጆች ጣቶች ጫፍ ላይ ትናንሽ የሙቀት መለኪያዎች ይለጥፋል፤ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቃል። እንበልና ቀኙ 27፣ ግራው 30 ዲግሪ ነው። ከመርፌው በኋላ ባሉት ደቂቃዎች መጀመሪያ የሚለወጠው ፊቷ ነው። የቀኝ ዓይኗ ቆብ ዝቅ ይላል፣ ብሌኗ ይጠባል፣ አፍንጫዋ በቀኝ በኩል ይደፈናል፤ ድምፅዋም ትንሽ ሊጎረንን ይችላል። የዓይኑ ለውጥ በ1869 በገለጸው በስዊዙ የዓይን ሐኪም በሆርነር ስም ይጠራል፤ ያስደነግጣል እንጂ ከሰዓታት በኋላ ይመለሳል። ይህ ለውጥ ወደ ፊት የሚሄደው መስመር እንደተዘጋ ያረጋግጣል። የእጁ መስመር ግን ሌላ ቅርንጫፍ ነው፤ ዓይኗ ተከድኖ እጇ እንደቀዘቀዘ ሊቀር ይችላል። ዓይን አይቶ «ሠርቷል» ማለት የኮሪደሩ መብራት በራ ብሎ ጓዳው በርቷል እንደማለት ነው።

የእጁ ምስክር ያው ሙቀቱ ነው። በሩብ ሰዓት ወይም በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቀኙ ከ27 ወደ 34 ዲግሪ ቢወጣ፣ ግራው ባለበት ቢቆይ፣ ማዞሪያው ተከፍቷል። ሁለቱም እጆች እኩል ቢሞቁስ? ያኔ ምናልባት ክፍሉ ሞቆ ወይም የመርፌው ፍርሃት አልፎላት ይሆናል፤ ድንጋጤ ያጠበበውን እፎይታ ይከፍተዋል። ሌላው እጅ የሚለካው ለዚህ ነው። ደግሞም እጇ ከመጀመሪያው 34 ዲግሪ ከነበረ ብዙ የሚወጣበት ቦታ የለውም፤ ሙቀቱን የሚያመጣለት ደም ራሱ 37 ዲግሪ ገደማ ነውና ከምንጩ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ «ሁለት ዲግሪ ብቻ ጨመረ» የሚለው ወሬ ከየት ተነሥቶ እንደሆነ ካልተጠየቀ ትርጉም የለውም።

ሁለት ምስክሮች

እጇ ሞቋል። አሁን ሐኪሙ መጠየቅ ያለበት ቀላል ጥያቄ አለ፦ «እናቴ፣ ሕመሙስ?»

በአማርኛ ሕመም ሲቀንስ «በረደልኝ» እንላለን። እጇ እየሞቀ ሕመሟ ከበረደላት ሁለቱ ምስክሮች ተስማምተዋል ማለት ነው፤ ከሕመሟ የተወሰነው ክፍል በሲምፓቴቲክ ነርቭ የሚመገብ ይመስላል፣ መርፌውን መድገምም ያስኬድ ይሆናል። እዚህም ላይ ግን አንድ ማረጋገጫ ይቀራል። እጇን መርፌ ጫፍ ሲነካት ይሰማታል? ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች? እጇ ከደነዘዘ ማደንዘዣው ወደ ሌሎቹ የስሜት ነርቮች ፈስሷል፤ ያኔ የሕመሙ መጥፋት ስለ ሲምፓቴቲክ ነርቭ ምንም አይነግረንም።

እጇ ሞቆ፣ ሳይደነዝዝ፣ ሕመሟ ንቅንቅ ሳይል ቢቀርስ? በዚህ ጊዜ ብዙ ሕመምተኞች በደል ይደርስባቸዋል። «እጅሽኮ ሞቋል፣ ደሙ ወርዷል» ይባላሉ፤ ቁጥሩ ስለተስተካከለ ለሐኪሞቻቸው ሰውየውም የተስተካከለ ይመስላቸዋል። ሙቀት መለኪያው የመሰከረው ግን መርፌው የት እንደደረሰ ብቻ ነው። ስለ ሕመሟ አልተጠየቀም፤ ቢጠየቅም አያውቅም። የሕመሟ ምስክር እሷ ናት። እጁ ሞቆ ሕመሙ ካልበረደ ያ መልካም ዜና ባይሆንም ጥሩ ዕውቀት ነው፤ የዚህች ሴት ሕመም በሌላ መንገድ እንደሚሄድ ተረድተናል፤ ያንኑ መርፌ አሥር ጊዜ ከመደጋገም ድናለች።

የተገላቢጦሹም ያጋጥማል፤ እጁ ሳይሞቅ ሕመሙ ይቀላል። በ1998 የታተመ አንድ ትንሽ ጥናት ይህን በደንብ ያሳየናል። ሰባት ሕመምተኞች አንድ ጊዜ እውነተኛ ማደንዘዣ፣ ሌላ ጊዜ ተራ የጨው ውሃ በነርቭ ቋጠሯቸው አካባቢ ተወጉ። በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ሁለቱም መርፌዎች የሚቀራረብ እፎይታ ሰጡ። ልዩነቱ የመጣው በኋላ ነው። የጨው ውሃው እፎይታ ከአንድ ቀን ያነሰ ሲቆይ የማደንዘዣው በአማካይ ከሦስት ቀን በላይ ዘለቀ። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙ አይገነባበትም። ሆኖም የመጀመሪያዋን ሰዓት እፎይታ ብቻ አይቶ የሚወስን ሐኪም ሊሳሳት እንደሚችል ያሳያል። በጨው ውሃ የቀለለው ሕመምም «የውሸት» አልነበረም። በምዕራፍ 4 እንዳየነው አንጎል ተስፋ ሲያገኝ የሕመምን ድምፅ የሚቀንስበት የራሱ መንገድ አለው።

ስለ መርፌው በጠቅላላ እውነቱን ልናገር። ለረጅም ጊዜ ይጠቅማል የሚለው ማስረጃ እስከ ዛሬ ደካማ ነው። አንዳንድ ሰዎችን በግልጽ ይረዳል፤ ማንን እንደሚረዳ አስቀድሞ መናገር ግን አስቸጋሪ ነው። መርፌውን እንደ መድኃኒት ሳይሆን እንደ መስኮት የማየው ለዚህ ነው።

መስኮቱ በተከፈተበት ሰዓት

ማደንዘዣው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። በእነዚያ ሰዓታትና፣ ዕድል ከቀናት፣ በሚከተሉት ቀናት እጇ የሚነካ እጅ ይሆናል። ዋናው ሕክምና የሚሠራው ያኔ ነው፤ እሱም ማንቀሳቀስ ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጣቶቿን ያሠራታል፤ ለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ ሻካራ ጨርቅ፣ ከዚያ ጤፍ በሞላበት ሳህን ውስጥ እጇን እያስነካ ቆዳዋን ከመነካት ጋር ያስታርቃታል።

ሲያም ማሳረፍ ተፈጥሯዊ ነው፤ በተሰበረ ማግስት ትክክልም ነው። በዚህ ሕመም ግን ዕረፍቱ ሲረዝም እጁ ከአንጎል ካርታ ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ሕመምተኞች «የኔ አይመስለኝም» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ባለፈው ምዕራፍ እጃቸው ለተቆረጠ ሰዎች የተጠቀምንበት መስታወት እዚህም ያገለግላል። ጤነኛው እጅ በመስታወት ፊት ይንቀሳቀሳል፣ የታመመው ከመስታወቱ ጀርባ ይደበቃል፤ አንጎል የታመመው እጅ ያለ ሕመም ሲንቀሳቀስ ያየ ይመስለዋል። አንዳንዶች በዚህ ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣታቸውን ያጥፋሉ።

መድኃኒትም አለ። ለነርቭ ሕመም የሚሰጡት አሚትሪፕቲሊንና ጋባፔንቲን፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት እብጠትና ሙቀት ሲበዛ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ስቴሮይድ፣ አጥንትን የሚያጠነክሩ መድኃኒቶች አሉ። አልመለስ ላለ ሕመም በአከርካሪ ውስጥ የሚቀበር የኤሌክትሪክ መሣሪያ አለ፤ ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። እጁን መቁረጥ ግን መፍትሔ ተደርጎ አይመከርም፤ እጁ ሄዶ ሕመሙ ሊቀር ይችላልና።

በእኛ አገር ብዙ ስብራት መጀመሪያ የሚደርሰው ወጌሻ ዘንድ ነው። የእጃቸውን ጥበብ አልንቅም። ልመናዬ ስለ ማሠሪያው ጥብቀት ብቻ ነው። ከታሠረ በኋላ ጣቶቹ ከበረዱ፣ ከደነዘዙ፣ ካበጡ፣ ሕመሙም በየሰዓቱ ከጨመረ፣ ማሠሪያው በዚያው ሰዓት ይፈታ፤ ሕመምተኛውም ሆስፒታል ይሂድ። ይህ እስካሁን ያወራንበት ዝግተኛ ሕመም አይደለም፤ ደም አጥቶ የሚሞት ሥጋ ነው፤ ለሰዓታት ብቻ ይታገሣል።

አራት ዓምድ ያለው ደብተር

ሐኪሙ ሴትዮዋን ሲያሰናብታት የሁለቱን እጆቿን ሙቀት የምትመዘግብበት ደብተር እንድትይዝ ነገራት። ግንባር የሚለካው ያ ሽጉጥ መሰል የሙቀት መለኪያ ለሰውነት ሙቀት ብቻ ተብሎ ስለተስተካከለ የቀዘቀዘ ጣትን በትክክል ላያነብ ይችላል፤ የገጽ ሙቀት የሚያነብ ዓይነት ካለ ይሻላል። ከሌለም የግራ እጅ ጀርባ ይበቃል፤ የሁለት ዲግሪ ልዩነት በደንብ ይሰማዋል።

ሥርዓቱ ግን መጠበቅ አለበት። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ክፍል፤ ቡና ከመጠጣቷና እጇን ከመታጠቧ በፊት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሩብ ሰዓት ከተቀመጠች በኋላ፤ ሁለቱም እጆች፣ ያው ጣት። አንድ ቁጥር ብቻውን ከንቱ ነው። የሚነበበው የሁለቱ እጆች ልዩነትና የሳምንታቱ አካሄድ ነው። እብጠቱን ደግሞ በክር ትለካዋለች፤ በመሐል ጣቷ ሥር ክሩን አዙራ የተገናኘበትን ቦታ በቀለም ታመለክታለች።

በደብተሩ የማይጠበቁም ነገሮች አሉ። እጅ ወይም እግር በድንገት በረዶ ሆኖ ቢነጣና ትርታው ቢጠፋ፣ ጥፍሩን ተጭነው ሲለቁት ደሙ ቶሎ ባይመለስ፣ ያ የተዘጋ ደም ቅዳ ሊሆን ይችላል። አንድ ባት ብቻውን ድንገት አብጦ ቢሞቅ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፤ የትንፋሽ ማጠር ከታከለበት ይበልጥ ያሰጋል። ቁስል፣ መግልና ትኩሳት ካለ ኢንፌክሽን ነው። እነዚህን ሁሉ «ያው የነርቭ ሕመሜ ነው» ብሎ ማሳደር አደገኛ ነው።

የደብተሩ የመጀመሪያ ዓምድ የሁለቱን እጆች ሙቀት ይይዛል፤ ሁለተኛው የክሩን ልክ፤ ሦስተኛው ሕመሟን ከዜሮ እስከ አሥር። አራተኛውን ዓምድ ሐኪሙ በኋላ ነው የጨመረው፤ «ዛሬ እጄ ምን ሠራ?» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ዓምድ ባዶ ነበር፤ ወይም «ምንም» የሚል ተጽፎበታል። በስድስተኛው ሳምንት፣ ልዩነቱ ከሦስት ዲግሪ ወደ ሁለት ብቻ በወረደበት፣ ሕመሟም ከሰባት ወደ ስድስት ብቻ በቀነሰበት ማክሰኞ፣ በግራ እጅ እንደተጻፈ በሚያስታውቅ ጠማማ ፊደል እንዲህ ሰፍሯል፦ «ነጠላዬን በሁለት እጄ አጣፋሁ።» ከሥሩ ያለው የረቡዕ መስመር የተጻፈው በቀኝ እጅ ነው።